የጦር ምርኮኛ ደብዳቤ ላይ ያለውን የሳንሱር ምልክት እንዴት እናንብበው?

አንዲት ያረጀች ፖስታ ካርድ እጃችሁ ገባች እንበል። ጠርዟ ተበልቷል። በእርሳስ የተጻፈው ደብዝዟል። ቴምብር የለባትም። ማኅተም ግን በላይ በላዩ ተደራርቦባታል፤ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ጥቁር። አብዛኛው ሰው ደመቅ ያለውን ማኅተም መርጦ፣ ፎቶ አንስቶ «ይሄ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እኔም ለዓመታት እንደዚያ ነበር የማደርገው። መልስ አይጠፋም። ካርዷ ግን እንደተዘጋች ትቀራለች።

የምርኮኛ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጠላቶች ያነበቡት ደብዳቤ ነው። አንዱ ምርኮኛውን የያዘው መንግሥት ነው፤ ሌላው የምርኮኛው የራሱ አገር። ስለዚህ እያንዳንዱ ምልክት በጉዞው ላይ የራሱ ቦታ አለው። መጀመሪያ ጉዞውን ካወቃችሁ ምልክቱ ራሱ ይናገራል። ከጉዞው ጋር የማይገጥም ምልክት ካገኛችሁ ደግሞ ወይ እናንተ ተሳስታችኋል፣ ወይ አንድ ሰው ዋሽቷል። እዚህ የማሳያችሁ ይህን አሠራር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ማኅተሞቹ ላይ የምታገኙትም እሱኑ ነው።

ደረጃ 1፦ አትላጡ፣ አታጥፉ፣ አትጻፉ

የሚያስፈልጋችሁ ብዙ አይደለም። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ጥሩ ስካነር፣ ትንሽ የአልትራቫዮሌት መብራት፣ እርሳስና ደብተር ይበቃሉ። ፊቱንም ጀርባውንም በ600 ዲፒአይ ስካን አድርጉ። ጀርባው ባዶ ቢመስልም ስካን አድርጉት፤ የደበዘዘ ማኅተም ስክሪን ላይ ብርሃኑን ስታስተካክሉት ብቅ ይላል።

ማሸጊያ ወረቀት (መርማሪው ከፍቶ ያነበበውን ፖስታ መልሶ ያሸገበት) ከተለጠፈበት እንዳትነኩት። አንድ ጊዜ ሥሩ ምን እንዳለ ለማየት ጓጉቼ በእንፋሎት አላቀቅኩት። ሥሩ ምንም የለም። ማሸጊያው ጠርዝ ላይ ግን አንድ ክብ ማኅተም ነበር፤ ግማሹ ማሸጊያው ላይ፣ ግማሹ ፖስታው ላይ ያረፈ። መልሼ ስለጥፈው ሁለቱ ግማሾች አልገጠሙም። ማሸጊያው በቦታውና በጊዜው እንደተለጠፈ የሚመሰክረው እኮ ያ መግጠም ነበር። በገዛ እጄ አጠፋሁት።

ደረጃ 2፦ ሳንሱሩን ለጊዜው ተዉት፤ ጉዞውን አውጡ

ደብተራችሁ ላይ አራት ነገር ጻፉ። ምርኮኛው የየት አገር ሰው ነው? የያዘው ማን ነው? ደብዳቤው ከካምፕ የወጣ ነው ወይስ ወደ ካምፕ የገባ? መቼ ተጻፈ?

ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከካምፕ የወጣ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ የታተመ ቅጽ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመኖቹ ቅጽ አናቱ ላይ «ክሪግስገፋንገነንፖስት» ይላል፤ የጦር ምርኮኛ ፖስታ ማለት ነው። «ገቡረንፍራይ» የሚለው ደግሞ ክፍያ የለውም ማለት ነው። የ1929ኙ የጄኔቫ ስምምነት ምርኮኞች የሚጽፉትም የሚላክላቸውም ደብዳቤ ከፖስታ ክፍያ ነፃ እንዲሆን አድርጓል። ቴምብር የሌለው ለዚህ ነው። ወደ ካምፕ የገባ ደብዳቤ ግን ተራ ፖስታ ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ በእጁ «የጦር ምርኮኛ ፖስታ» ብሎ ይጽፍበታል፤ አንዳንዴም በፈረንሳይኛ «ሰርቪስ ደ ፕሪዞኒዬ ደ ጌር» ብሎ ይጨምርበታል። ወደ ካምፕ የገባ ደብዳቤ ከወጣው ይልቅ ሲጠፋ ኖሯል። ቤት የደረሰው ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ተቀመጠ። ምርኮኛው የተቀበለው ግን ከእሱ ጋር ተንከራተተ፤ በ1945 መጀመሪያ ጀርመኖች ካምፖቹን ባዶ አድርገው ሰዉን በበረዶ በእግር ሲነዱት ብዙው መንገድ ላይ ቀረ።

መንገዱንም ገምቱ። በብሪታንያና በጀርመን መካከል የነበረው የምርኮኛ ፖስታ በሊዝበንና በስዊዘርላንድ በኩል አለፈ። ከጃፓን ጋር የነበረው መንገድ ረጅምና የተቆራረጠ ነው። ከፊሉ በሶቪየት ኅብረት በኩል፣ ከፊሉ እንደ ስዊድናዊቷ «ግሪፕስሆልም» ባሉ የዲፕሎማቶችና የሲቪሎች መለዋወጫ መርከቦች ተጓጓዘ። ከጃፓን ካምፕ የተጻፈ ካርድ ቤተሰብ ጋ ከዓመት በላይ ቆይቶ ቢደርስ አይግረማችሁ፤ የሁለቱ ማኅተሞች ቀን መራራቁ ብቻውን የውሸት ምልክት አይደለም።

ደረጃ 3፦ የካምፑን ስም አንብቡ (እዚህ ላይ አትቸኩሉ)

ከሁሉም ደረጃ ብዙ ትርፍ ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው።

የጀርመን ካምፖች ስም ሥርዓት አለው። ስታላግ የተራ ወታደሮችና የበታች ሹማምንት ነው። ኦፍላግ የመኮንኖች ነው። ስታላግ ሉፍት የአየር ኃይል ሰዎች፣ ማርላግ የባሕር ኃይል፣ ሚላግ የንግድ መርከበኞች፣ ኢላግ የታሰሩ ሲቪሎች ነው። ዱላግ ደግሞ መሸጋገሪያ ነው። ከስሙ ቀጥሎ በሮማ ቁጥር የሚጻፈው ካምፑ የሚገኝበት ወታደራዊ ቀጣና ነው። 4 የድሬስደን፣ 7 የሙኒክ፣ 8 የብሬስላው፣ 20 የዳንዚግ ቀጣና ነው። ፊደሉ በዚያ ቀጣና ውስጥ ያሉትን ካምፖች ይለያል። ስለዚህ ኮልዲትዝ ኦፍላግ 4 ሲ ነው፤ ሙስቡርግ ስታላግ 7 ኤ፤ ቶርን ስታላግ 20 ኤ። የአየር ኃይሎቹ ግን የራሳቸው ተራ ቁጥር አላቸው። ዛጋን የነበረው ስታላግ ሉፍት 3 ቀጣና 3 ውስጥ አይደለም።

ከዚህ ሥርዓት ሁለት ቀላል ፈተናዎች ይወጣሉ።

አንደኛው፦ በጦርነቱ ጊዜ የጀርመን ወታደራዊ ቀጣናዎች ቁጥር ቀጥ ብሎ አይሄድም። 14፣ 15፣ 16 እና 19 የሚባል ቀጣና አልነበረም። «ስታላግ 15 ኤ» የሚል ማኅተም በሮማ ቁጥር ተጽፎ ካያችሁ ገንዘባችሁን ወደ ኪሳችሁ መልሱ።

ሁለተኛው የላምስዶርፍ ነገር ነው። ላምስዶርፍ (ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ዋምቢኖቪትሴ ይባላል) ብዙ የብሪታንያና የኮመንዌልዝ ምርኮኞች የነበሩበት ትልቅ ካምፕ ነው። ስሙ ስታላግ 8 ቢ ነበር። በ1943 መጨረሻ ላይ ስሙ ተቀየረና ስታላግ 344 ተባለ። «8 ቢ» የሚለው ስም ግን አልሞተም። ቀድሞ 8 ዲ ይባል ወደነበረው ወደ ቴሸን ካምፕ ተዛወረ። ስለዚህ ያው «ስታላግ 8 ቢ» የሚል ማኅተም በ1942 ላምስዶርፍን፣ በ1944 ቴሸንን ያመለክታል። በ1942 ቀን የተጻፈበት «ስታላግ 344» የላምስዶርፍ ካርድ ካያችሁ ደግሞ ወይ ቀኑን በትክክል አላነበባችሁም፣ ወይ ካርዱ የተሠራ ነው። በዚህች አንዲት ነገር ብቻ ስንት ካርድ በተሳሳተ ስም ሲሸጥ አይቻለሁ! ሻጮቹ ሁሉ አጭበርባሪ አይደሉም፤ አብዛኞቹ ቀኑን ሳያዩ ዝርዝር ላይ ያገኙትን የገለበጡ ናቸው።

ቁጥር ብቻውንም አትመኑ። ኢጣሊያ ውስጥ ካምፕ 21 ማለት የብሪታንያና የአሜሪካ መኮንኖች የታሰሩበት ኪዬቲ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ካምፕ 21 ማለት ስኮትላንድ፣ ኮምሪ አጠገብ የነበረው የጀርመን ምርኮኞች ካምፕ ነው። ቁጥሩ አንድ፣ ታሪኩ የተገላቢጦሽ። የኢጣሊያው ከፊቱ «ፒ.ጂ.» የሚሉ ሁለት ፊደላት አሉት፤ የጦር ምርኮኞች ለማለት ነው። አብሮት ብዙ ጊዜ «ፒ.ኤም.» እና ቁጥር ይመጣል፤ ይሄኛው የወታደራዊ ፖስታ ቤቱ ነው።

ደረጃ 4፦ የምልክቱን ዓይነት ለዩ

አሁን ወደ ሳንሱሩ እንምጣ። መጀመሪያ ማን እንዳተመው ሳይሆን ምን ዓይነት ምልክት እንደሆነ ለዩ።

በጣም የተለመደው የእጅ ማኅተም ነው። አንድ ቃልና አንድ ቁጥር አለው። ቃሉ «ታይቷል» ወይም «አልፏል» ማለት ነው፤ ቁጥሩ መርማሪውን ወይም የመርማሪውን ማኅተም ይለያል። ቁጥሩን የካምፕ ቁጥር አድርጎ ማንበብ የጀማሪ ስህተት ነው። ሌላም አለ፦ የምርኮኛው የራሱ መለያ ቁጥር። እሱ የላኪው ስም አጠገብ የሚጻፍ ነው፤ ከሳንሱር ጋር ምንም አያገናኘውም።

ማሸጊያ ወረቀት የሚገኘው የተዘጋ ፖስታ ላይ ነው። መርማሪው ጎኑን ቀዶ አንብቦ መልሶ ያሸገበት ነው። ፖስታ ካርድ መከፈት ስለማያስፈልገው ማሸጊያ አይጠበቅበትም። ማሸጊያ የተለጠፈበት ፖስታ ካርድ ካያችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ፤ አንዳንዴ የተቀደደን ለመጠገን ይለጠፋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ዋጋ ለማስወደድ።

በእርሳስ ወይም በቀለም የተጫረ ቁጥርና ፊርማም አለ። ዓይን አይስብም፤ ግን መርማሪ ያለፈበት ሊሆን ይችላል። ጃፓኖቹ ጋ ይህን ቦታ ትንሽ ቀይ የግል ማኅተም ይይዛል፤ የመርማሪው የቤተሰብ ስም ነው፣ ከጥፍር ብዙም አይበልጥም።

የተሰረዘና የተቆረጠ፣ በኬሚካል የታጠበ ደግሞ ለብቻው እመለስበታለሁ።

ሳንሱር ያልሆነውንም አውጡ። በጄኔቫ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ማኅተም ሳንሱር አይደለም፤ ደብዳቤው ወይም ጥያቄው በእነሱ በኩል እንዳለፈ ያሳያል። የፖስታ ቤት የቀን ማኅተምም እንዲሁ። «ፓስድ ባይ ሴንሰር» ከዘውድ ጋር የሚል የብሪታንያ የጦር ሜዳ ማኅተም ደግሞ ሳንሱር ነው፤ ግን ወታደሩ ሳይማረክ ከክፍሉ የላከው ደብዳቤ ላይ የሚገኝ ነው። የምርኮኛ ካርድ ላይ ካገኛችሁት ቆም በሉ።

ደረጃ 5፦ የእያንዳንዱ መንግሥት አመል

ጀርመን። ቁልፉ ቃል «ገፕሩፍት» ነው፤ ተመርምሯል ማለት ነው። የምርኮኛ ፖስታ በዋናነት የሚመረመረው ካምፑ ውስጥ ስለነበር ማኅተሙ ብዙ ጊዜ ሦስት ነገር ይይዛል፦ የካምፑን ስም፣ «ገፕሩፍት» የሚለውን ቃልና የመርማሪውን ቁጥር። ክብ ሆኖ ንስር ያለበትና «ኦበርኮማንዶ ደር ቬርማኽት» የሚለው ማኅተም፣ «ገኦፍነት» ከሚለው ማሸጊያ ጋር፣ የውጭ ደብዳቤ መመርመሪያ ቢሮዎች ነው። እነዚህ በዋናነት የሲቪል ፖስታ ይመረምሩ ነበር። ማኅተሙ ውስጥ ያለች ትንሽ ፊደል ከተማውን ትነግራለች፤ ኤ ኮኒግስበርግ፣ ቢ በርሊን፣ ሲ ኮሎኝ፣ ዲ ሙኒክ፣ ኢ ፍራንክፈርት፣ ኤፍ ሃምቡርግ፣ ጂ ቪየና። ይህ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ «የምርኮኛ» ተብሎ ከቀረበላችሁ ሌላ ማስረጃ ፈልጉ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነትም «ገፕሩፍት» አለ። እዚያ ግን «ኤፍ.ኤ.» የሚሉ ሁለት ፊደላት ታገኛላችሁ። «ፍሪስት አብገላውፈን» ለማለት ነው፤ የማቆያ ጊዜው አልፏል። ጀርመኖች የምርኮኛን ደብዳቤ ሆን ብለው ያቆዩት ነበር። ምስጢር ቢኖርበት እንኳ ሲደርስ ያረጀ ወሬ ይሆናል።

ብሪታንያ። ለምርኮኛ ፖስታ የነበረው ማኅተም ከላይ ዘውድ፣ ቀጥሎ «ፓስድ»፣ ከዚያ «ፒ.ደብሊው.» እና ቁጥር ነው። «ፒ.ደብሊው.» የጦር ምርኮኛ ነው። ማሸጊያዎቹ ላይ «ፒ.ሲ.» እና የቅጽ ቁጥር አለ። መጀመሪያ በ1939 «ኦፕንድ ባይ ሴንሰር» የሚለው ፒ.ሲ. 22 ነበር። በኋላ ቃሉ «ኦፕንድ ባይ ኤግዛሚነር» ሆነ፤ ቁጥሩም ፒ.ሲ. 66፣ ከዚያ ፒ.ሲ. 90። ይህ ለቀን ጥሩ መመሪያ ነው። በ1944 ፖስታ ላይ ፒ.ሲ. 22 ብታዩ አንዱ ነገር ትክክል አይደለም።

አሜሪካ። የሳንሱር መሥሪያ ቤቱ በታኅሣሥ 1941 ተቋቁሞ በነሐሴ 1945 ሥራውን አቆመ። ማኅተሙ «ዩ.ኤስ. ሴንሰርሺፕ፣ ኤግዛሚንድ ባይ» ይልና ቁጥር ይከተላል። አሜሪካ ውስጥ ታስረው የነበሩ ጀርመኖችና ኢጣሊያኖች አድራሻ ላይ ኒውዮርክ ያለ የፖስታ ሳጥን ቁጥር 20 ብዙ ጊዜ ይታያል። ይህ ማለት ሰውየው ኒውዮርክ ታስሯል ማለት አይደለም።

ኢጣሊያ። «ቬሪፊካቶ ፐር ቼንሱራ» ይላል፤ ለሳንሱር ተረጋግጧል። ማሸጊያውም ማኅተሙም ይህንኑ ቃል ይይዛል።

ጃፓን። ሁለት ጽሑፍ መለየት በቂ ነው። አራት ፊደል ያለው «ፉርዮ ዩቢን»፣ የምርኮኛ ፖስታ። ሦስት ፊደል ያለው «ኬንኤትሱ ዙሚ»፣ ምርመራው አልቋል። ጃፓንኛ ማንበብ አያስፈልግም፤ ፊደሉን ቁጠሩና ከምስል ጋር አስተያዩ። ከፊሊፒንስ የወጡ ካርዶች ላይ ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ታትሟል። «ጤንነቴ እንዲህ ነው» ይልና ምርጫ ይሰጣል፤ ምርኮኛው ያሰምርበታል። በነፃ የሚጻፈው በጥቂት ቃላት ተገድቦ ነበር።

ሶቪየት። ከጦርነቱ በኋላ ጀርመናውያን የጻፉባቸው ካርዶች በሩሲያኛና በፈረንሳይኛ የታተሙ ናቸው። ቀይ መስቀልና ቀይ ጨረቃ አለባቸው። አድራሻው ሞስኮ፣ ቀይ መስቀል፣ የፖስታ ሳጥን ይላል፤ ካምፑ በቁጥሩ ውስጥ ተደብቋል። ሶቪየት ኅብረት የ1929ኙን የምርኮኞች ስምምነት አልፈረመችም፤ ስለዚህ በጦርነቱ ጊዜ ከዚያ የመጣ ፖስታ ብርቅ ነው። በ1940 ጸደይ ከኮዜልስክ፣ ከስታሮቤልስክና ከኦስታሽኮቭ ካምፖች የፖላንድ መኮንኖችና ፖሊሶች ደብዳቤ ድንገት ቆመ። ቤተሰቦቻቸው መጻፋቸውን ቀጥለው ነበር። ሰዎቹ ተገድለዋል። የማኅተም መጨረሻ ቀን ራሱ ማስረጃ የሚሆንበት ቦታ ይህ ነው።

የቆየውን በአጭሩ ልለፈው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እንደ ካምፕ ቼዝና ጆንሰንስ አይላንድ ካሉ ካምፖች የወጣ ደብዳቤ «የእስረኛ ደብዳቤ፣ ታይቷል» የሚል ማኅተም አለው፤ ከአንድ ገጽ በላይ አይፈቀድም ነበር። የጦር መስመሩን ሲሻገር የሁለቱንም ወገን ቴምብር ሊሸከም ይችላል። በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት ብሪታንያ ምርኮኞችን ወደ ሴንት ሄሌና፣ ሴሎን፣ ቤርሙዳና ህንድ ስለላከች የእነዚያን ቦታዎች የሳንሱር ማኅተም ትጠብቃላችሁ።

ደረጃ 6፦ የትኛው ቀደመ?

መነጽሩን አሁን አውጡ። አንድ ካርድ አብረን እንይ። ከላምስዶርፍ ወደ እንግሊዝ፣ 1942 እንበል።

ጽሑፉ ሰባት መስመር ነው፤ የጀርመን ካርድ ከዚያ አይፈቅድም። የደብዳቤ ቅጹ ግን 24 መስመር አለው። የተጻፈው በእርሳስ ነው። ከላኪው ስም ሥር የምርኮኛ ቁጥሩና «ስታላግ 8 ቢ» አለ። ከጎን «ገፕሩፍት 32» ከካምፑ ስም ጋር ታትሟል። የማኅተሙ አንድ ጠርዝ የእርሳሱ ጽሑፍ ላይ ወጥቷል። በመነጽር ስታዩት ቀለሙ እርሳሱን ሸፍኖታል። ጥሩ፤ መጀመሪያ ጽሑፉ፣ ከዚያ ማኅተሙ። አሁን የብሪታንያውን የዘውድ ማኅተም ፈልጉ። ከጀርመኑ ጋር የሚነካካ ከሆነ እሱ ከላይ መሆን አለበት። ካርዱ ከካምፕ የወጣ ነውና ጀርመኑ ሳያትም ብሪታንያዊው ሊያትም አይችልም። ወደ ካምፕ የገባ ቢሆን ኖሮ ቅደም ተከተሉ ይገለበጥ ነበር።

በማሸጊያም እንዲሁ ነው። ማኅተሙ ከማሸጊያው ወደ ፖስታው ከተሻገረ ማሸጊያው ቀድሟል። ማሸጊያው ማኅተሙን ከሸፈነ ማኅተሙ ቀድሟል። ሁለት ማሸጊያ አንዱ በአንዱ ላይ ከሆነ የላይኛው የኋለኛው ነው። በተቃራኒ ጎኖች ከሆኑ ደግሞ በቀን መለየት ነው። የሁለት የተለያየ ቀለም መሻገሪያ በመነጽርም ቢሆን አንዳንዴ ያታልላል። ደማቁ ቀለም ሁልጊዜ ከላይ ያለ ይመስላል። በጎን ብርሃን አብሩበት፤ አቅጣጫውን እየቀያየራችሁ እዩት።

ደረጃ 7፦ ጥቁሩ፣ ቀዳዳውና ቀለሙ

በጥቁር የተሸፈነ መስመር ሁሉም ይወዳል። እኔ ግን ከጥቁሩ ይልቅ ዙሪያውን አያለሁ። ከመስመሩ በፊት ያለው «ትናንት ወደ» ከሆነ የተሰረዘው ቦታ ነው። «ከእኔ ጋር ያለው» ከሆነ ሰው ወይም ክፍል ነው። የማን ብዕር እንደሰረዘው ግን ከጥቁሩ ብቻ አይታወቅም። የላኪ ወገን ሳንሱር የሚፈራውና የተቀባይ ወገን የሚፈራው አንድ አይደለም፤ ስለ ረሃብ የተጻፈን ካምፑ ይሰርዛል እንጂ የቤተሰቡ አገር ለምን ይሰርዛል?

በመቀስ ወይም በምላጭ የተቆረጠ ቀዳዳም አለ። ጠርዙን በመነጽር እዩ። የቆየ ቁርጥ ጠርዙ ወዝቷል፣ ቀለሙም ከቀረው ወረቀት ጋር አንድ ሆኗል። ትናንት የተቆረጠ ነጭ ጭራ ያሳያል።

ወረቀቱን ሰያፍ የሚያቋርጡ ሰፋ ያሉ ሰማያዊ ወይም ቡናማ ጭረቶች ካሉ የቤት ብክለት ብላችሁ አትለፉት። የማይታይ ቀለም ለመፈለግ መርማሪዎች በብሩሽ ኬሚካል ይቀቡ ነበር። ጀርመኖች ለምርኮኛ የሰጡት የደብዳቤ ቅጽ ወረቀት ደግሞ ራሱ የተለበጠ ነው፤ በምስጢር ቀለም ቢጻፍበት እንዲያሳብቅ። ከንቱ ጥርጣሬ አልነበረም። ብሪታንያ በታኅሣሥ 1939 ያቋቋመችው ኤም.አይ. 9 የሚባለው ክፍል ወታደሮችን ተራ በሚመስል ደብዳቤ ውስጥ ምስጢር መደበቅ ያስተምር ነበር። ማለትም «ገፕሩፍት» ታትሞበት ያለፈ ደብዳቤ ውስጥ ጀርመኑ ያላያት መልእክት ልትኖር ትችላለች።

ደረጃ 8፦ ውሸቱን መያዝ

ብዙ የሚዋሸው ዋጋ ባለበት ነው። የማጎሪያ ካምፖች ደብዳቤ በዚህ ግንባር ቀደም ነው። እነዚያ የጦር ምርኮኛ ፖስታ አይደሉም፤ ሕጋቸውም ሳንሱራቸውም ሌላ ነው፣ ገበያ ላይ ግን ይቀላቀላሉ። ቅጹ ላይ «ኮንሰንትራሲዮንስላገር» የሚል ካለ ይህ መመሪያ አይሠራም።

የእውነተኛ አሮጌ ፖስታ ላይ አዲስ ማኅተም መምታት ቀላሉ ማጭበርበር ነው። ለዚህ ሦስት ነገር አያለሁ። መጀመሪያ እጥፋቱን። ወረቀቱ ለዓመታት ታጥፎ ቃጫው ከተሰበረ በኋላ የተመታ ቀለም ስንጥቁ ውስጥ ይገባል፤ በጊዜው የተመታው ግን ከወረቀቱ ጋር አብሮ ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ቀለሙን። የጎማ ማኅተም ጠርዙ ላይ ይጠራቀማል፣ ከጀርባም ትንሽ ይወጣል። በመነጽር ሲታይ የጥቃቅን ነጥቦች ስብስብ ከሆነ ፕሪንተር ነው፤ ጨዋታው አለቀ። ሦስተኛ የአልትራቫዮሌት መብራቱን። ወረቀትን የሚያነጡ ኬሚካሎች የተስፋፉት ከጦርነቱ በኋላ ነው። የ1943 ወረቀት ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ከበራ ወረቀቱ ከቀኑ ያንሳል።

«ኦፕንድ ባይ ሚል. ሴን. ሲቪል ሜይልስ» የሚል ማሸጊያ ያለበት ፖስታም የምርኮኛ ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ይቀርባል። እሱ ከ1945 ጀምሮ የተባበሩት ኃይሎች የያዙት አገር የሲቪል ፖስታ ማሸጊያ ነው። እውነተኛ ነው፤ ስሙ ብቻ ነው የተሳሳተው።

ደረጃ 9፦ መዝግቡ

ካርዱ ላይ ምንም አትጻፉ። መያዣው ላይ ወይም ደብተር ላይ፣ በጉዞው ቅደም ተከተል ጻፉት እንጂ በማኅተሙ መጠን አይሁን። የእኔ አጻጻፍ እንዲህ ነው፦

«ከስታላግ 8 ቢ፣ ላምስዶርፍ፣ ወደ እንግሊዝ። ሐምሌ 1942። የታተመ ካርድ፣ ሰባት መስመር፣ በእርሳስ። የካምፕ ሳንሱር ገፕሩፍት 32፣ ጽሑፉ ላይ ያረፈ። የብሪታንያ ዘውድ ፓስድ ፒ.ደብሊው.፣ የመጨረሻው ቁጥር አይነበብም። ከታች በቀኝ በቀይ እርሳስ የተጻፈ 7፤ የማን እንደሆነ አልታወቀም።»

ያቺን ቀይ 7 አትዝለሏት። የመርማሪ ምልክት ትሁን የሻጭ ዋጋ፣ ሌላ ካርድ ላይ ስታገኟት ነው የምታውቁት።